ናፍቆት ወይራ አይለቅምም

ውድ ወጣቶች፣

እኔ ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአፈር ጥበቃና በፍራፍሬ ዛፍ ሥራ ነው። በወጣትነቴ ለትምህርት ወደ ቀርጤስ ሄጄ ነበር። አዎ፣ ጳውሎስ ቲቶን የተወባት ያችው የግሪክ ደሴት። ከዚያ በኋላም ለሥራ እየተመላለስኩ አይቻታለሁ።

ከእናንተ ጋር ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። "ልሂድ ወይስ ልቅር?" የሄደውም ይጠይቃል፣ ያልሄደውም ይጠይቃል። ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ግን ላጫውታችሁ። ሰዎቿ ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድመው ኖረውበታል።

መንደሯ አኖ ቩቬስ ትባላለች። ከሃንያ ከተማ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከባሕሩ ዳር ከኮሊምቫሪ ተነስታችሁ ወደ ኮረብታው ትወጣላችሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራ ቀኙ ወይራ ነው፣ ከፊታችሁም ወይራ ነው። ቤቶቹን ቆጥሮ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። አካባቢው በወይራ ዘይቱ ስም ያለው ነው፤ "ኮሊምቫሪ" የሚለው ስም በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ የዘይት መጠሪያ ነው።

መንደሯን ዓለም የሚያውቃት በአንድ ዛፍ ነው። የግንዱ ዙሪያ 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። ዕድሜው ቢያንስ 2,000 ዓመት ነው ይባላል፤ 3,000 የሚሉም አሉ። የመሀል እንጨቱ በስብሶ ስላለቀ በትክክል መለካት አይቻልም። ዛሬም ፍሬ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለአቴንስ ኦሎምፒክ አክሊል ከቅርንጫፉ ተቆርጧል። ቀነኒሳና መሠረት ደፋር የወርቅ ሜዳሊያ አጥልቀው ራሳቸው ላይ የወይራ ጉንጉን የደፉበት ኦሎምፒክ ማለት ነው። የነሱ ጉንጉን ከዚህ ዛፍ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ዛፉ ሥር ስቆም ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው፣ ምን ላድርግ!

ቱሪስቱ በበጋ ይመጣል። (የነሱ በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ እኛ ዣንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ጥላ ፍለጋ ይሮጣሉ።) ዛፉን ይዞራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ሙዚየም ጎራ ይላል፣ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። በዚህ ሰዓት መንደሩን ብታዩት ሽማግሌዎችና ድመቶች ብቻ የሚኖሩበት ይመስላችኋል። "አይ፣ ይሄማ አልቆለታል" ብላችሁ ትወርዳላችሁ።

በኅዳር ሂዱ እስቲ።

ለቀማው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይጀመርና እስከ ጥር ይዘልቃል። ጠዋት ከዛፉ ሥር መረብ ይነጠፋል። ተዳፋት ላይ ሲሆን የታችኛውን ጠርዝ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፍሬው ተንከባሎ ጎረቤት ማሳ ይገባል። ድሮ በረጅም ዱላ እየመቱ ነበር የሚያረግፉት። አሁን ጫፉ ላይ ጣቶች ያሉት፣ በባትሪ ወይም በጀነሬተር የሚሠራ ዘንግ አለ። ቀላል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ሁለት እጅን ወደ ላይ ሰቅሎ መዋል ግን ቀላል አይደለም፤ ማታ ትከሻችሁ የእናንተ አይሆንም። ከዚያ ቅጠሉና ጭራሮው ተለቅሞ ይወጣል፣ ፍሬው ጆንያ ይገባል፣ ጆንያው ፒክአፕ ላይ ይጫናል። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ሰማዩን ይሳደባል።

በዚህ ሰሞን ነው የመንደሩ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው። ከሃንያ መምህሩ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል። ከአቴንስ ፋርማሲስቷ በሌሊት መርከብ ትመጣለች። የአያት መሬት ለልጆች፣ ከልጆች ለልጅ ልጆች እየተከፋፈለ ስለሄደ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች እዚህም እዚያም ተበታትነው ታገኟቸዋላችሁ። ለአንዱ ሁለት መቶ፣ ለሌላው ሠላሳ ዛፍ። በሠላሳ ዛፍ ማንም አይከብርም። የዓመት ዘይታቸውን ግን ይዘው ይሄዳሉ፣ ለዘመድም ይተርፋል። ደቦ የሚመስል ነገርም አለ፤ የአንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ሥራው ለነሱ ብቻ የሚቻል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙውን ለቀማ የተሸከሙት የአልባኒያ ሰዎች ናቸው፣ በኋላ ደግሞ ከእስያ የመጡ። ስለ ግሪክ ገጠር ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ሲዘል እናደዳለሁ።

መጭመቂያ ቤቱ የዚህ ሁሉ ልብ ነው። ፍሬው በጆንያ ሲከርም ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ የዘይቱ አሲድ ይጨምራል። ምርጥ ለሚባለው ደረጃ አሲዱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በተለቀመበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ መጨመቅ አለበት። ማታ ማታ ፒክአፖቹ ይሰለፋሉ። ፍሬው ይታጠባል፣ ከነፍሬ አጥንቱ ይፈጫል፣ ሊጡ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ በሚሽከረከር ማሽን ዘይቱ ከውኃውና ከአሰሩ ይለያል። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠበቃል። አንድ ሊትር ዘይት ለማግኘት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ፍሬ ይሄዳል። የጨመቁበትን ሒሳብ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ሳይሆን በዘይት ድርሻ ነው የሚከፍሉት።

ተራ እስኪደርስ ይጠበቃል። ዳቦ ይጠበሳል፣ አሁን የወጣው አረንጓዴ ዘይት ይፈስበታል፣ ጨው ይነሰነስበታል። ጉሮሮ ይቆነጥጣል። አንድ ሰው ከኪሱ ራኪ፣ የነሱን አረቄ፣ ያወጣል። እዚያ ተቀምጦ ነው ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የማን አጥር ወደ ማን ማሳ ገፋ የሚወራው። ከከተማ የመጣው ልጅ ከሽማግሌው ጋር ያለው ትውውቅ የሚታደሰው እዚህ ነው። ለሰላምታ ብሎ ቢመጣ ኖሮ ቡና ጠጥቶ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ጉዳይ አላቸው፤ ያንተ ዛፍ ቅርንጫፉ በዝቷል፣ የካቲት ላይ ካልተገረዘ በሚቀጥለው ዓመት አትጠብቅ ይሉታል።

አሁን ወደ እኛ ነገር ልምጣ። ከዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ሄዷል። አንዳንዱ አውስትራሊያና አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1960 ግሪክ ከጀርመን ጋር የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረመች በኋላ ደግሞ ወደ ጀርመን ፋብሪካዎች። ገንዘብ ልከዋል፣ ቤት አሠርተዋል፣ ቤቱን ቆልፈውታል። ታሪኩ አዲስ አይሆንባችሁም፤ በየክፍለ ሀገሩ ዘበኛ ብቻ የሚያድርበት የዲያስፖራ ቪላ አይተናል። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን አልረሱም። ሙዚቃው ሲጀመር ያለቅሳሉ። መሬታቸውን ግን ሄዳችሁ እዩት።

ያልተነካ የወይራ ማሳ እንዲህ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ እሾህ ይወርሰዋል። ከዚያ ካቡ ይላላል። እርከኑ ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ የተካበ ስለሆነ፣ በየዓመቱ የወደቀችውን ድንጋይ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል። ሰው ሲጠፋ ካቡ ይናዳል፣ አፈሩ ይከተላል። ዛፉም ራሱ ይቀየራል። ብዙው የቆየ ወይራ የተዳቀለ ነው፤ ሥሩ የዱር፣ ላዩ የመልካሙ ዝርያ። የቩቬሱ ሽማግሌ ዛፍ እንኳ የተዳቀለ ነው። ካልተገረዘ ከሥር የሚበቅለው የዱሩ ቀንበጥ ጉልበቱን ሁሉ ይወስደውና ዛፉ ወደ ቁጥቋጦነት ይመለሳል። ማንም ሳይቆርጠው፣ ማንም ሳያቃጥለው።

(የኛም ወይራ ዘመዱ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምታዩት ወይራ ከነሱ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ ልዩነቱ በንዑስ ዝርያ ነው። የኛ ፍሬው ደቃቃ ስለሆነ ዘይት አንጠብቅበትም። እኛ ለበትር፣ ለሞፈር፣ ለዕቃ ማጠኛ ነው የምናውቀው።)

እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ ይህን ያለ ማጣበቂያ ድንጋይ የመካብ ጥበብ ግሪክን ጨምሮ የስምንት አገሮች ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የኮንሶን እርከንም እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳስመዘገብን ታውቃላችሁ። ደስ ይላል። ምዝገባው ግን የወደቀ ድንጋይ አያነሳም።

ስለዚህ የምላችሁ ይህን ነው። ከአገራችሁ፣ ከመንደራችሁ፣ ከእናታችሁ ቤት ጋር የሚያስራችሁን ገመድ በናፍቆት ብቻ አትሥሩት። ናፍቆት ርካሽ ነው፤ በዩቲዩብም ይወጣላችኋል። ሥራ ይኑራችሁ። ትንሽ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ እናንተ ከቀራችሁ የሚጎድል ይሁን። የመምህሩ ሠላሳ ዛፍ በኢኮኖሚ ዓይን ቀልድ ነው። ግን በየዓመቱ ኮረብታው ላይ ያወጣዋል፣ እጁን ያቆሽሸዋል፣ ከጎረቤት ያጣላዋል፣ መልሶ ያስታርቀዋል። ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፤ ስንት ቤት በሱ ቆሟል! ግን ብር የላከ ሰው ስለ ካቡ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ "ሼባው፣ ግሪክ እኮ አውሮፓ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ሒሳቡን እንደባለሙያ እንየው። አኖ ቩቬስ በወይራ ብቻ አትኖርም። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ1981 የአውሮፓ ማኅበርን ከተቀላቀለች ጀምሮ ለገበሬው ድጎማ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ጡረታ አላቸው። በጋ ላይ ክፍል የሚያከራይ አለ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ከከተማው በመኪና ቅርብ ነው። ይህ ባይኖር መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት አይደርስም ነበር። በተለይ ግብርና የተማራችሁ ልጆች፣ አንድ መንደር አምሮባችሁ ስታዩት መጀመሪያ ጠይቁ፤ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ክረምቱን ማን ይሠራል? መሬቱ የማን ነው? የኛ የመሬት ሕግ ሌላ ነው፣ መንገዳችን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ መግባት ራሱ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ይህን ረስቶ "እንደ ግሪኮች ተመለሱ" ማለት ስብከት ነው።

አየሩም እንደ ድሮ አይደለም። ወይራ ለማበብ የክረምት ብርድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያ ብርድ በበቂ አልመጣም፣ የግሪክ ምርት ክፉኛ ወረደ፣ የዘይት ዋጋ ጣሪያ ነካ። የዘይት ሌባ የዜና ርዕስ ሆነ። ደግሞ ወይራ በተፈጥሮው አንድ ዓመት ተሸክሞ በሚቀጥለው የሚያርፍ ዛፍ ነው። ብዙም ፍሬ ያልታየበት ዓመት ላይ መጥቶ መግረዝና ካብ መጠገን ትዕግሥት ይጠይቃል። የሠላሳ ዛፍ ባለቤቶቹን ያደነቅኳቸው በዚህ ነው። ፍሬ ባልያዘበትም ዓመት ይመጣሉ።

የሙያ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ በዚያ ኮረብታ ተፈላጊው ሰው ገራዥ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚያውቁት በአብዛኛው እየሸመገሉ ነው። መጋዝ ይዞ ሁለት ሦስት ዓመት አብሯቸው የዞረ ወጣት ሥራ አያጣም። እናንተም ዲግሪያችሁን ስትይዙ በእጅ የሚሠራ አንድ ነገር ጨምሩበት። ቡና መጎንደል፣ አቮካዶ ማዳቀል፣ ንብ ማነብ፣ የፈለጋችሁትን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፤ ይህን ደብዳቤ የጉዞ ማስታወቂያ አድርጋችሁ እንዳታነቡት። ከሊቢያ ጦብሩቅ ተነስተው በጀልባ ወደ ቀርጤስና ወደ ጎረቤቷ ጋቭዶስ የሚሻገሩ ብዙ ናቸው፤ ባሕር ላይ የሚቀሩም አሉ። ደላላ "ወይራ ለቀማ ሥራ አለ" ቢላችሁ ሥራው ያለ ወረቀት ምን እንደሚመስል አይነግራችሁም። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ዕድል ያገኘ ግን ይሂድ፣ ይማር፣ ይሥራ። መሄድን ጠልቼ አይደለም የምጽፈው፤ እኔም ሄጃለሁ።

አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የሚሠራ አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ። ወላጆቹ ጅማ አካባቢ ትንሽ የቡና ማሳ አላቸው። የዓመት ፈቃዱን በጳጉሜ ወይም በገና አይወስድም። ቡናው ሲቀላ፣ በኅዳር ይወስዳል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ እነሱ ሐዋሳና ቢሾፍቱ ሲዝናኑ እሱ ቅርጫት ተሸክሞ ይውላል። አባቱ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይተህ አልለቀምክም ብለው ዛሬም ይቆጡታል። ባለፈው ደውሎልኝ የማሳው አጠገብ ያለው ቦይ በጎርፍ እንደተሸረሸረ ነገረኝ፤ ከኅዳር በፊት አንድ ቅዳሜ ወርዶ ከጎረቤቶቹ ጋር ሊደለድለው አስቧል። ድንጋይ እንዴት እንደሚደረደር ጠየቀኝ። ትልልቁን ከሥር፣ ረጅሙን ወደ ውስጥ፣ ካቡን ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘንበል አድርገው አልኩት።