ስለ ማኅበረሰብ አጸደ ሕፃናት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በወላጆች ኮሚቴ በሚተዳደር አጸደ ሕፃናት ውስጥ ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ አሁን በአስተባባሪነት እሠራለሁ። የተመሳሰሉ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ግን ሰፋ ማለት አለበት።

ጥያቄ፦ የማኅበረሰብ አጸደ ሕፃናት ከግሉ በምን ይለያል?

በባለቤትነቱ። ትርፍ የሚወስድ ሰው የለም። ወላጆችና የአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ። ኮሚቴው በጀት ያወጣል፣ መምህራን ይቀጥራል፣ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ያቀርባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን፣ ወላጆች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የልጆች መጫወቻ ማዕከል ተጀምሯል። ጣሊያን ውስጥ ሬጂዮ ኤሚሊያ አጠገብ ደግሞ በ1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ፣ የአንድ መንደር ሰዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ መኪናና ፈረሶች ሸጠው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ይህን ታሪክ ለአዲስ የኮሚቴ አባላት ሁሌ እነግራለሁ። ሰዎቹ ቤታቸው በጦርነት ተጎድቶ ሳለ ቅድሚያ የሰጡት ለትንንሾቹ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄን ልወስደው ስመጣ ሁሌ ሲጫወት ነው የማገኘው። መቼ ነው የሚማረው?

እየተጫወተ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚመጣ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሁለት ልጆች በብሎክ ድልድይ እየሠሩ ነው እንበል። አንዱ ምሰሶ አጠረና ድልድዩ ተንጋደደ። ወይ መጨመር አለባቸው፣ ወይ ረጅሙን መቀየር። እዚያ ውስጥ መለካት አለ፣ ማነፃፀር አለ፣ «አይ፣ እንዲህ ይሻላል» ብሎ መከራከር አለ። ሲፈርስ ደግሞ እንደገና መጀመር አለ። መምህርቷ አጠገባቸው ቁጢጥ ትልና «ለምን ይመስላችኋል ወደዚህ ያጋደለው?» ትላለች። መልሱን አትነግራቸውም፤ ትጠብቃለች። ጨዋታውን ትምህርት የሚያደርገው ያ ጥያቄና ያ ትዕግሥት ነው።

የሱቅ ጨዋታንም እይው። ባለሱቅ የሆነችው ልጅ ትቆጥራለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ደንበኞቿን ተራ ታስይዛለች። ተነስታ መሮጥ ቢያምራትም «ባለሱቅ ነኝ» ብላለችና ቦታዋን አትለቅም። ልጅ ራሱን መግዛትን የሚለማመደው በዚህ ነው እንጂ በምክር ብዛት አይደለም።

ልጆችን ግቢ ውስጥ መልቀቅ ብቻውን በቂ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሚቀጥለው ስትመጣ በር ላይ ትንሽ ቆመህ አዋቂዎቹን አዳምጥ። «ቁጭ በል፣ ዝም በይ፣ አትንካ» ብቻ ከሆነ የምትሰማው፣ ያ ሊያሳስብህ ይገባል። ጥያቄ፣ ወሬና ሳቅ ከሰማህ ግን ልጅህ እየተማረ ነው። እኔ አጸደ ሕፃናት የምመዝነው በዚህ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ሁለተኛ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ሞላው፤ ገና ፊደል አለየም። የጎረቤት ልጅ ግን ይጽፋል። ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ይሆን?

አይዞሽ፣ አልቀረም። በአራት ዓመት ልጆች በጣም ይለያያሉ። ከፊደሉ በፊት ጆሮው ይሠልጥን። «ማንኪያ፣ ማር፣ ማታ፤ መጀመሪያቸው ምን ይላል?» ብለሽ አጫውቺው። ቃልን በጭብጨባ ከፋፍሉ፤ ቤት የሚመቱ ግጥሞች በሉ። ድምፅን ለይቶ የሚሰማ ልጅ በኋላ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማያያዝ ይቀለዋል።

እርሳስ ለመያዝም ጣቶቹ መጠንከር አለባቸው። ሊጥ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ በመቀስ መቁረጥ፣ ቁልፍ መቆለፍ ሁሉ ለዚህ ይጠቅማል። ስሙን ለመጻፍ ፍላጎት ካሳየ ግን አሳዪው፤ አትከልክዪው። በየቀኑ መጽሐፍ አንብቢለት። ስታነቢም እያቆምሽ «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በዪው። ያው መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢደገም አትሰልቺ፤ በተደገመ ቁጥር አዲስ ቃል ይይዛል።

ሲጠሩት የማይዞር፣ ንግግር የማይገባው ወይም ቀድሞ የሚላቸውን ቃላት የተወ ከመሰለሽ ግን ሳትጠብቂ ለሐኪም አሳዪው፤ ጆሮውም ይመርመር።

ጥያቄ፦ አንድ መምህር ስንት ልጅ ቢይዝ ጥሩ ነው?

የአሜሪካ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ለአራት ዓመት ልጆች የሚመክረው በአንድ ክፍል ከ20 ያልበለጡ ልጆችና ሁለት አዋቂዎች ነው። ለትንንሾቹ ቁጥሩ ያንሳል። አቅማችሁ ካልፈቀደ በቡድን ከፍላችሁ አንዱን ውጭ፣ አንዱን ክፍል ውስጥ አድርጉ። አርባ ልጅ ፊት ለብቻዋ የቆመች መምህርት ሥርዓት ከማስከበር ውጪ ጊዜ አይኖራትም።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ የት ነው የሚሄደው? ክፍያ የማይችሉ ወላጆችስ?

ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፤ መሆንም አለበት። ኮሚቴዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው መጀመሪያ የሚነኩት የመምህራንን ደመወዝ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መምህርቷ በየጊዜው የምትቀያየርባቸው ልጆች በየጊዜው ከእንግዳ ሰው ጋር ነው የሚጀምሩት። ትንሽ ልጅ ደግሞ የሚማረው ከለመደው ሰው ነው። መጫወቻውን በሣጥን፣ በክዳን፣ በጨርቅና በእንጨት ቁራጭ መሙላት ይቻላል። ጥሩ መምህርት ስትሄድ ግን በምንም አትተካም።

ክፍያን በተመለከተ፣ እንደ ገቢ ደረጃ መለያየት ይቻላል። በጉልበት የሚከፍሉም አሉ፤ አጥር የሚጠግን፣ የሚያጸዳ፣ ሒሳብ የሚይዝ። ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ግን በሚስጥር ይያዝ። ልጆችም መምህራንም ማወቅ የለባቸውም። ከባንክ ወጪ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። ወርሃዊው ገቢና ወጪ ወላጅ የሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ሐሜት የሚጀምረው ሒሳብ ሲደበቅ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ወላጆች የቤት ሥራ ይሰጥ ብለው እየወተወቱኝ ነው። ምን ላድርግ?

የወላጆቹን ስጋት አይናቁት፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ውሳኔው የኮሚቴው አይመስለኝም። ኮሚቴው የበጀት፣ የቅጥር፣ የደኅንነት ኃላፊነት አለበት። ክፍል ውስጥ ምን ይሠራ የሚለው የመምህራኑ ሙያ ነው። ድንበሩን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። ከዚያ ወላጆቹን ተራ በተራ ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ እንዲውሉ ይጋብዟቸው። ከስብሰባ ይልቅ ይህ ብዙ ወላጅ ያሳምናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ታለቅሳለች። ተደብቄ ብወጣ ይሻላል?

አይሻልም። ተደብቀሽ ከወጣሽ በማንኛውም ሰዓት ልትጠፊ እንደምትችይ ነው የምታውቀው፤ ዓይኗንም ካንቺ ላይ አትነቅልም። ተሰናበቻት፣ መቼ እንደምትመጪ በምታውቀው ነገር ንገሪያት፤ «ከእንቅልፍሽ ስትነሺ እመጣለሁ» በያት። ከዚያ ሂጂ፤ በር ላይ አትመላለሺ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአጭር ሰዓት ብቻ ብትቆይ ጥሩ ነው። ባልሽውም ሰዓት ድረሺ።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመቱ ልጃችን ሌሎች ልጆችን ይናከሳል። አፍረናል።

አትፈሩ፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። መቼ መቼ እንደሚናከስ መዝግቡ። ብዙውን ጊዜ ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ወይ መጫወቻ ሲነጠቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያ ሰዓት አንድ አዋቂ አጠገቡ ይሁን፣ ቃሉንም ያውሰው፤ «ገና አልጨረስኩም በል»። «ነካሹ» ብሎ መጥራት ግን በቤትም በትምህርት ቤትም ይቅር።

ጥያቄ፦ ቤት የምናወራው ሌላ ቋንቋ ነው። እንተወው?

በፍጹም! የራሳችሁን ቋንቋ አበልጽጉለት፤ ተረት ንገሩት፣ ተከራከሩት። በአንድ ቋንቋ በደንብ ያሰበ ልጅ ሐሳቡን ወደ ሌላው ይዞት ይሄዳል። መምህርቷ ደግሞ ጥቂት ቃላት ትማር፤ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ፣ እናቴ።

ጥያቄ፦ ታብሌትና ቴሌቪዥንስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ባነሰ መጠን ይሻላል። እኛ ክፍል ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ልፋት ልጁ ሲያድግ ለውጥ ያመጣል?

በሚገባ ከተሠራ፣ አዎ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በተካሄደው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ጥናት 123 ልጆች ነበሩ። አጸደ ሕፃናት የገቡት ካልገቡት ጋር እስከ አዋቂነት ሲነፃፀሩ፣ ትምህርት በመጨረስም በገቢም ተሽለው ተገኝተዋል። የአእምሮ ፈተና ውጤት ብልጫው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ በአንድ ፈተና ብቻ አትፍረዱ። እዚያ የነበሩት መምህራን የሠለጠኑ ነበሩ፣ በየሳምንቱም ቤት ድረስ እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይሠሩ ነበር። ያንን ትቶ ውጤቱን ብቻ መጠበቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኛም ልንጀምር አስበናል። ከምን እንነሳ?

ከሰው። ከሕንፃው በፊት አንዲት ጥሩ መምህርትና አንድ ረዳት ፈልጉ። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አውጡ። ከዚያ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ የሚዘጋ አጥር፣ ጥላ ያለው ሜዳ አዘጋጁ። ልጁን ማን እንደሚወስደው በጽሑፍ መዝግቡ፤ ስሙ ለሌለ ሰው፣ ዘመድ ነኝ ቢልም፣ አትስጡ። በግማሽ ቀንና በአንድ ክፍል ጀምሩ። ቦታው ከሚችለው ያነሰ ልጅ መዝግቡ፤ ሁለተኛውን ክፍል የምትከፍቱት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ደመወዛቸው በሰዓቱ እየተከፈለ ዓመቱን ሲጨርሱ ነው።