ፌስታሉን ሳታዩ አዲስ ኪኒን አትጨምሩ፦ ስለ መርሳት በሽታና ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ጥያቄና መልስ

የመድኃኒት ቤቷ፦ እሺ ተጀመረ። ለማታውቁኝ ፋርማሲስት ነኝ፣ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን አሜሪካ ነኝ፣ የምውለው ከአረጋውያን ጋር ነው። ዶክተር አይደለሁምና ዶክተር አትበሉኝ። እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሳችሁ አታቋርጡ። ስትጠይቁ ዕድሜ፣ ሌላ ሕመም፣ የሚወሰደውን ኪኒን በሙሉ ከነሚሊግራሙ ጻፉልኝ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጨምሮ።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ሰላም ዶክተር፣ እናቴ በጣም መርሳት ጀምራለች፣ ምን መድኃኒት ይሻላታል?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ሳሮንዬ ከላይ ያለውን አንብቢና ተመለሺ።

ቴዲ ከሳሪስ፦ አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ስኳርም ግፊትም የለበትም። አልዛይመር ነው ተብሎ ዶኔፔዚል 5 ሚሊግራም ማታ ማታ ይወስዳል፣ ሁለት ወር አለፈው፣ ያው እንደነበረ ነው። ሰው ከውጭ ሲመጣ ነው የምናስመጣው፣ ብር እየጨረስን ነው፣ እናቁመው?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ያው እንደነበረ ከሆነ እየሠራ ሊሆን ይችላል እኮ ቴዲ። ይሄ መድኃኒት የጠፋውን አይመልስም፣ በሽታውንም አያድንም። አንጎል ውስጥ አሲታይልኮሊን የሚባል መልእክት አስተላላፊ አለ፣ አልዛይመር ሲይዝ እሱ እያነሰ ይሄዳል፣ ዶኔፔዚል ያለችው ቶሎ እንዳትፈርስ ያደርጋል፣ ሥራው ይሄው ነው። ስለዚህ የምታዩት ልብሱን ራሱ ይለብሳል ወይ፣ ሽንት ቤት ራሱ ይሄዳል ወይ፣ ከበፊቱ ወርዷል ወይ የሚለውን ነው። 5 ሚሊግራም መነሻ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታይቶ ከተስማማው ወደ 10 ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ተመለሱ። ከመጨመሩ በፊት የልብ ምቱ ይታይለት፣ መድኃኒቱ ምት ያዘገያል፣ ራሱን ስቶ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ይሄንን ሳትናገሩ እንዳትወጡ። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይኖራል፣ ቅዠት ካስቸገረው ወደ ጠዋት ማዞር ይቻላል። የብሩንም ነገር ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። አንድ ወር ገዝቶ አንድ ወር መዝለል ከሁሉም የከፋው ነው፣ ከዛ መቆሙን ተመካክሮ መወሰን ይሻላል።

ብሩኬ፦ ሪቫስቲግሚን ቢጨመርበትስ? አንዱ ካልሠራ ሁለቱ ይሠራሉ ብዬ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ፦ አይጨመርም። ዶኔፔዚል፣ ሪቫስቲግሚን፣ ጋላንታሚን አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ብቻ ይወሰዳል። የሚደረበው ሜማንቲን ነው፣ እሱም በሽታው መካከለኛ ደረጃ ሲደርስ፣ በ5 ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየጨመረ እስከ 20 ሚሊግራም በቀን፣ ኩላሊት በጣም ከደከመ ከዛ ያነሰ።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ይቅርታ አሁን በዝርዝር ልጻፍ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለባት። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪል፣ ለእግሯ ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን 25 ማታ፣ ለጨጓራዋ ሲሜቲዲን። እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ወር ሆናት፣ እንቅልፍ እምቢ ስላላት ታይሌኖል ፒኤም ማታ ማታ እሰጣታለሁ። ድሮ ትንሽ ትረሳ ነበር አሁን ግን ቀንና ሌሊቱ ተምታቶባታል፣ ሌሊት ተነስታ ቤቴ ውሰዱኝ ትላለች፣ የሟች ወንድሟን ስም እየጠራች ታወራለች። ዕድሜ ነው ጃጅታ ነው አሉኝ። ዶኔፔዚል ይጀመርላት ወይ ነው ጥያቄዬ።

የመድኃኒት ቤቷ፦ ይሄን ነው የፈለግኩት! ሳሮን በደንብ አንብቢ፣ ሌሎቻችሁም አንብቡ፣ ምክንያቱም ዛሬ ከዚህ በላይ የምነግራችሁ ቁም ነገር የለኝም።

ታይሌኖል ፒኤም ውስጥ የሚያስተኛው ታይሌኖሉ አይደለም፣ ዳይፈንሃይድራሚን ነው፣ ቤናድሪል የምትሉት ማለት ነው። በአንድ ፍሬ 25 ሚሊግራም አለ፣ ሰው ደግሞ ሁለት ሁለት ነው የሚውጠው። አሚትሪፕቲሊኑም ሥራው ሌላ ቢሆንም በአንድ ነገር ከሱ ጋር ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ያንኑ ለቴዲ አባት ያልኩትን አሲታይልኮሊን ይዘጉታል። ሲሜቲዲኑ ደግሞ በራሱ አረጋውያንን ግራ ማጋባት ይችላል፣ እሱ ብቻ ሳይሆን ጉበት አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚይዝ 25 የተባለው በደሟ ውስጥ ከ25 በላይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አሁን በዚህ ላይ ዶኔፔዚል ስትጨምሪበት አስቢው፣ ፍሬኑን ሳይለቁ ነዳጅ መርገጥ ነው።

አፏ ይደርቃል ወይ? ሆድ ድርቀት አላት ወይ? ሽንቷ አልመጣም ትላለች ወይ? ዓይኔ ጭጋግ ሆነ ትላለች ወይ? እነዚህ ካሉ ጣቴን የምቀስረው ኪኒኑ ላይ ነው። በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እንዲህ የሚገለባበጥ ግራ መጋባት ዴሊሪየም ይባላል፣ ከመርሳት በሽታ ይለያል፣ የመርሳት በሽታ በዓመታት ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው። የሽንት ኢንፌክሽንም፣ የሳንባ ምችም፣ ጨው ማነስም ያመጣዋልና ምርመራው ሳይውል ሳያድር ይደረግ።

እና ምን ታደርጊያለሽ። ፒኤሙን ማንም አላዘዘላትም፣ እሱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። አሚትሪፕቲሊኑን ግን በአንዴ አታቁሚ፣ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው፣ ለእግሯ ሌላ አማራጭ አለ። ለጨጓራው ሲሜቲዲን መሆን የለበትም። ቢ12 እና ታይሮይድ ይታይላት፣ ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፣ በዛ ላይ እናቶቻችን ጾሙን ሁሉ ስለሚጾሙ ከሥጋና ከወተት የሚገኘውን አያገኙትም፣ የቢ12 ማነስ ደግሞ ያስረሳል፣ እግርም ያቃጥላል። ምናልባት ለእግሯ ማቃጠል ነው አሚትሪፕቲሊን የታዘዘው፣ ማንም ቢ12ቷን ግን አልለካም። ሁሉንም በፌስታል አድርገሽ ይዘሻት ሂጂ። ፌስታሉን። ዝርዝር ወረቀት አይደለም ያልኩት።

ሳሮን ቨርጂኒያ፦ ኧረ አፌ ደረቀ ብላ ውሃ ከእጇ አይለይም! እኔ ስኳሯ ነው ብዬ። ሽንቷም ቆሟል ቆሟል ትላለች። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

የመድኃኒት ቤቷ፦ ሽንቱ በእውነት ከቆመ ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬ ኢመርጀንሲ ውሰጃት።

ወለተ ማርያም፦ እኔ ግን የማይገባኝ ኪኒን ላይ ኪኒን ከምትደራርቡ ጸበል ብትወስዷት ምናለ። የጎረቤታችን እናት እንደዚሁ ሆነው በሁለት ሱባኤ ነው የዳኑት፣ መድኃኒቱን በሙሉ ጥለው።

ዘመናዊው፦ መድኃኒቱን ስለጣሉ ነዋ የዳኑት፣ አሁን እኮ እህታችን አስረዳችን። ጸበሉማ ውሃ ነው።

ወለተ ማርያም፦ አፍህን ሰብስብ። ውሃ ነው ትላለህ?

ዘመናዊው፦ ኧረ እኔ ያልኩት...

ቴዲ ከሳሪስ፦ ጎበዝ ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቅበት፣ እናንተ ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ።

የመድኃኒት ቤቷ፦ በቃ! ወለተ ማርያም፣ ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ የሚሉ አባቶች ሞልተዋል። የምቃወመው መድኃኒት ጥሎ መግባትን ነው፣ በተለይ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያለበትን ሰው። ጎረቤትሽ ምን ምን ይወስዱ እንደነበር ስለማላውቅ በምን እንደዳኑ አልነግርሽም። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደግሞ ሱባኤ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፣ ምክንያቱም ውሃና ጨው ሲያንስ ሊቲየሙ ደም ውስጥ ይከማቻል። በደም ምርመራው ለአብዛኛው ሰው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው የሚፈለገው፣ ለአረጋውያን ከዛ ዝቅ ይደረጋል፣ ከ1.5 ካለፈ መርዝ ነው። ለወገብ ሕመም ብላችሁ የምትውጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይጨምሩታል፣ የግፊቱ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንደዛው። እጅ ክፉኛ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያስመልስና ሲያስቀምጥ፣ አካሄድ እንደሰካራም ሲሆን ወይ ምላስ ሲተሳሰር ሆስፒታል ነው፣ ያኔ ነገ የሚባል የለም።

ሀኒ፦ ፍሉኦክሰቲን ሱስ ያስይዛል ወይ?

የመድኃኒት ቤቷ፦ አያስይዝም። የድብርት መድኃኒት ነው፣ ለመሥራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በድንገት አይቆምም።

ቢኒ፦ እኔም ልጠይቅ፣ የድብርት መድኃኒት ሱስ ያስይዛል ሲባል ሰማሁ?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ቢኒ አንድ መስመር ከፍ በል።

የጅማው፦ አያቴ 80 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃናት ቆመዋል ይላል፣ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ይውላል አይፈራቸውም። እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ አንዳንድ ቀን ጤነኛ ይመስላል አንዳንድ ቀን ይፈዛል። ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ታዘዘለት፣ አራት ቀን ከወሰደ በኋላ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ምራቁንም መዋጥ አቃተው። የክፍለ ከተማው ፋርማሲ አርቴን ጨምሩበት አለን።

የመድኃኒት ቤቷ፦ የሚቀጥለውን ሃሎፔሪዶል ሳትሰጡ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ትኩሳት ካለው ደግሞ ሩጡ። መድኃኒቱን አታቋርጡ እያልኩ ስጮህ ነበር፣ ይሄ ግን ሌላ ነው፣ መዋጥ ያቃተው ሰው ኪኒኑ ራሱ ያንቀዋል። አርቴን አትጨምሩ፣ እሱም እንደነሳሮን ፌስታል አሲታይልኮሊን የሚዘጋ ነው፣ መደረቁን ትንሽ ቢያላላ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል።

በር ላይ ሐኪሙን ስታገኙት የጻፍክልኝን እንዳለ ንገሩት፣ የሌለ ሰው በግልጽ ማየት፣ መዋዠቅ፣ እግር መጎተት። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታ እንዲህ ነው የሚመጣው፣ ያለበት ሰው ለሃሎፔሪዶል በጣም ስስ ነው፣ ሊሞትም ይችላል። ለዚህኛው ሪቫስቲግሚን ወይ ዶኔፔዚል ጥሩ ይሠራሉ፣ የግድ ከሆነ ክዌታያፒን የሚባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጣም በትንሹ ይሞከራል። ሕፃናቱን ካልፈራቸው ደግሞ ማንን ጎዱ? ያያቸው።

ለሁላችሁም፣ የአእምሮ ሕመም መርፌና ኪኒን ለመርሳት በሽታ ሲሰጥ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2005 ለአዲሶቹ፣ በ2008 ለነሃሎፔሪዶልም የሞት ማስጠንቀቂያ አስለጥፏል። በአሥር ሳምንት ገደማ ጥናት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወደ 4.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት ወደ 2.6 በመቶ ሞተዋል። ጭራሽ አይሰጥም አላልኩም፣ ሰውየው ራሱን ወይ ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ሪስፐሪዶን በትንሹ ለአጭር ጊዜ ይሰጣል፣ አውሮፓ ውስጥ እስከ 6 ሳምንት ነው የተፈቀደው። ችግሩ የተጀመረው አይቆምም፣ ዓመት ሙሉ ሲወስድ ማንም አይጠይቅም። በፊት ግን ለምን ተቆጣ ብላችሁ እዩ፣ ያመዋል? ሆዱ ደርቋል? መስማት አቅቶት ነው?

ሰላም ዳላስ፦ አዲሱ በደም ሥር የሚሰጠው የአልዛይመር መድኃኒትስ? ለአባቴ ልናስጀምር ነው።

የመድኃኒት ቤቷ፦ ሌካኔማብ። ከሜማንቲን በኋላ ከ2003 እስከ 2021 አዲስ ነገር ስላልነበረ ሰው ቢጓጓ አይገርመኝም። በጥናቱ በ18 ወር የበሽታውን መውረድ በ27 በመቶ አዘገየ፣ ዜናው ይቺን ነው የሚያወራው። ከ18 ነጥብ በሆነው መለኪያ ላይ ግን ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ አይሞላም። ገና ለጀመረው ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ አለ፣ አንጎል ሊያብጥና ሊደማ ስለሚችል ኤምአርአይ በየጊዜው አለ። ኤፒኦኢ4 የሚባለውን ጂን ይመርመር፣ ሁለት ቅጂ ያለው ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ደም ማቅጠኛ ይወስዳል? መልሱ አዎ ከሆነ መጀመሪያ ስለሱ ተነጋገሩ። እኔ ለራሴ አባት አልቸኩልም ነበር፣ ግን አባትሽ ራሱ ማሰብ የሚችልበት ደረጃ ላይ ከሆነ እሱን ጠይቁት።

አቤል፦ ጊንኮስ? ጥቁር አዝሙድ በማርስ?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ጊንኮ የሚባለው ዕፅ ከ3,000 በላይ አረጋውያን ላይ ተሞክሮ በ2008 ውጤቱ ወጣ፣ የመርሳት በሽታን አልከለከለም። አዝሙዱን በማር ብሉት፣ ይጣፍጣል።

ስም አልጠቅስም፦ እህቴ 24 ዓመቷ ነው፣ ባይፖላር አለባት፣ ቫልፕሮኤት ላይ ደህና ነች። በጥር ታገባለች። ለባሏም ለቤተሰቡም አልተነገረም።

የመድኃኒት ቤቷ፦ ለቤተሰቡ መናገሩ የእሷ ውሳኔ ነው፣ የመድኃኒቱ ግን ከጥር በፊት መታየት አለበት። ቫልፕሮኤት ወስደው ካረገዙ ከአሥር አንዱ ልጅ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከአሥር ሦስት አራቱ ደግሞ የእድገትና የትምህርት ችግር ይኖርባቸዋል። ጉዳቱ ገና እርግዝናው ሳይታወቅ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ አሁን ሐኪሟ ጋ ሄዳ ወደ ሌላ ትቀየር፣ እስከዛ አስተማማኝ መከላከያ ትያዝ። ራሷ እንዳታቋርጥ ብቻ አደራ፣ በሠርጉ ሰሞን እንቅልፍ አጥታ መድኃኒትም አጥታ ማኒያ (ልክ ያለፈው የባይፖላር መነቃቃት) ከመጣባት ሌላ ጣጣ ነው።

ኪያ ዱባይ የምትሄደው፦ ዲያዚፓም ይዤ መግባት እችላለሁ?

የመድኃኒት ቤቷ፦ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ ፈቃድ ቀድመሽ አውጪ፣ ማዘዣውን ያዢ። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም ያው። ያለፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል።

መምህሩ፦ ለእናቴ የሪቫስቲግሚን ፕላስተር ተሰጠን። ሦስት ቀን ሆነ ታስመልሳለች፣ ምግብ እምቢ አለች። ጀርባዋ ላይ ነው የምንለጥፈው።

የመድኃኒት ቤቷ፦ አሮጌውን ታነሱታላችሁ?

መምህሩ፦ ይነሳል እንዴ? ራሱ ይወድቃል ብለን ነው።

የመድኃኒት ቤቷ፦ አሁን ሂድና ጀርባዋን እይ፣ ያገኘኸውን በሙሉ አንሣው፣ ቦታውን በሳሙና እጠበው፣ እጅህንም ታጠብ። ዛሬ አዲስ አትለጥፍ። ሦስት ፕላስተር አንድ ላይ ሆኖ ከሆነ ዶዙ ሦስት እጥፍ ነው፣ ምቷ ከዘገየ ወይ ከደከመች ሆስፒታል ውሰዳት፣ ምን ያህል እንደነበረ ለማሳየት ያነሳኸውን ይዘህ ሂድ። እንደገና መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይንገራችሁ። ከዛ በኋላ በቀን አንድ፣ ሁሌም አሮጌው ተነስቶ፣ ቦታ እየቀያየርክ፣ አንድ ቦታ ላይ ለ14 ቀን አይደገምም።

መምህሩ፦ አራት ነው ያገኘሁት። እየወጣን ነው።