ለሪከርቭ ደጋን 66 ወይስ 68 ኢንች?
ወንድሜ፣ ቁመትህ 178 ሴ.ሜ. እንደሆነና 66 ኢንች ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ) ደጋን ይመቸኝ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። ወሳኙ ቁመትህ ሳይሆን አውታሩን የምትስበው ርዝመት (ስበት) ነው። እጆችህን ወደ ጎን ዘርጋና ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ አስለካ፤ ልኬቱን ለ2.5 አካፍለው። 178 ከመጣ ስበትህ 71 ሴ.ሜ. ገደማ፣ ማለትም 28 ኢንች ነው። እንግዲያው 68 ውሰድ።

በ66ም መተኮስ ይቻላል፤ ግን ደጋኑ ባጠረ ቁጥር አውታሩ ሙሉ ሲሳብ ማዕዘኑ ይጠብና ጣቶችህን ይቆነጥጣል፣ መጨረሻ ላይም ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል በድንገት ይጨምራል። አውታሩን በንጽህና መልቀቅ የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ስበትህ ከ26 ኢንች ካልበለጠ 66 ይስማማሃል፤ ከ30 ካለፈ ወደ 70 ሂድ።

የደጋኑ መሃል፣ ማለትም እጀታው፣ 25 ኢንች ከሆነ 68 የሚሞላው ከላይና ከታች በሚገጠም መካከለኛ ርዝመት ክንፍ ነው።