«መታወቂያዬ አማራ ስለሚል አባቴን አልወርስም?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቴ የጨፋ ኦሮሞ፣ እናቴ የኩታበር አማራ ናቸው። ሲለያዩ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያደግሁት ኩታበር አያቴ ዘንድ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ጨፋ አባቴ ዘንድ ነበርኩ። የቀበሌ መታወቂያዬ ብሔር በሚለው ቦታ «አማራ» ይላል። አባቴ ባለፈው ጥቅምት ወደ አኼራ ሄደ። ከሚሴ ላይ ቤት፣ ጨፋ ላይ የእርሻ ይዞታ ትቷል። በአባት የምንገናኝ ወንድሞቼ «አማራ ነኝ ብለሽ አስጽፈሽ የኦሮሞ መሬት ልትወርሺ ነው?» አሉኝ። ሕጉ እንዲህ ይላል? መታወቂያዬን ላስለውጥ? በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መሥሪያ ቤት ሥራ ለመወዳደርስ ያግደኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ አላህ ለአባትዎ ይዘንላቸው። ወንድሞችዎ ያሉት በየትኛውም ሕጋችን ውስጥ የለም። ወራሽ የሚያደርግዎ ልጅነትዎ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች መሆናቸውንና እያንዳንዳቸው እኩል እንደሚካፈሉ ይደነግጋል። ኑዛዜ ከሌለ የከሚሴው ቤት በዚሁ መንገድ ይከፈላል። የጨፋው መሬት ትንሽ ይለያል። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የይዞታ መብቱ ነው፤ እሱንም የሚገዛው የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። በእሱ ላይ በግብርና መተዳደርን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ሊነሱብዎት ይችላሉ፤ ኮምቦልቻ ስለሚኖሩ ለዚህ ተዘጋጅተው ይቅረቡ። ብሔር ግን ከመስፈርቶቹ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወንድሞችዎ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወስዱት ይችሉ ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት እዚያ የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። በሸሪዓው የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው፤ በፍትሐ ብሔሩ እኩል ነው። ምርጫው የእምነትዎና የሕሊናዎ ነው፣ በዚህ አልገባም። የምለምንዎ፣ ምን እንደሆነ ሳያነቡ የፈቃድ ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መታወቂያው ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ያስጨነቀኝ እሱ ነውና። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ቢሮዬ መጥተው መታወቂያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ። ብሔር የሚለው ላይ ግን የታላቁ «ኦሮሞ»፣ የታናሹ «አማራ»። ታላቁን ቀበሌ የወሰደው አባቱ ነበር፣ ታናሹን አክስቱ። ጸሐፊው የጠየቀው አጠገባቸው የቆመውን ሰው ነው፤ የመለሱለትን ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች በወረቀት የሁለት ሕዝብ ሰው ሆነው ቀሩ።

ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አድርጉ አላለም። አንቀጽ 39(5) ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚባለው ማን እንደሆነ ሲተረጉም የጋራ ባህልን ወይም ተመሳሳይ ልምድን፣ የጋራ ቋንቋን፣ የጋራ ህልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድርን ይዘረዝራል። ደም የሚል ቃል የለበትም፣ በአባት ይቆጠር የሚልም የለበትም። ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ሕዝብ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ጊዜም የዘር ግንድ አልተቆጠረም፤ በ1993 ዓ.ም. ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ስልጤ ነኝ አለ።

ይሁንና አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው። ሁለት ሕዝብ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ምን ይደረግ አይልም። ባዶውን ቦታ የሞላው አንድ ቃል ብቻ የምታስገባው የመታወቂያ መስመር ናት። ለወሎ ይህች መስመር በጣም ጠባብ ናት። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ ስንል «ወረ» የኦሮምኛ ቃል ነው፣ ወገን ወይም ቤተሰብ ማለት ነው፤ በእነዚህ ስሞች በሚጠሩት አገሮች ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የቆመ ሰው ከአንድ ነጋዴ አፍ ሦስት ቋንቋ ቢሰማ አይደንቀውም።

ሕግ ይህን ጉዳይ በግድ ሲቆርጠው ምን እንደሚሆን በሌሎች አገሮች ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦች አባልነትን እስከ ዛሬ በደም ክፍልፋይ፣ አንድ አራተኛ እያሉ ይቆጥራሉ። በካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የነበረው ሕግ የነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነች ሴት ከወገኗ ውጭ ስታገባ መብቷን ይነጥቃት ነበር፤ ወንዱን ግን አይነካውም። ሳንድራ ላቭሌስ የተባለች ሴት ትዳሯ ፈርሶ ወደ ተወለደችበት መንደር ስትመለስ «አንቺ የእኛ አይደለሽም» ተባለች። ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ አቤት አለች፤ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1981 ከወገኗ ጋር በባህሏና በቋንቋዋ የመኖር መብቷ ተጥሷል አለ፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕጓን አሻሻለች። ኮሚቴው የተመረኮዘበትን የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላዋለች፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። እርስዎን «የእኛ አይደለሽም» ለማለት ወረቀት የሚያነሳ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ለውርሱ ብለው መታወቂያዎን አያስለውጡ። ክርክር ላይ ሳሉ ቢያስለውጡ «ለመሬት ስትል ኦሮሞ ሆነች» ለሚል ሰው ቃል ያቀብላሉ። ራስዎን በአባትዎም ወገን መጥራት ከፈለጉ ግን፣ ክርክሩ ሲያልቅ፣ እንዲታረምልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ምላሹንም በጽሑፍ ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔር አይጠይቅም።

ሥራውን በተመለከተ፣ የክልሉ ሕገ መንግሥት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረውና በቋንቋው እንዲሠራ ስለፈቀደ አፋን ኦሮሞ መቻልዎን ቢጠይቁዎ ተገቢ ነው። ባለጉዳዩ በቋንቋው መስተናገድ አለበት። ብሔርዎን አይተው ቢመልሱዎ ግን የእኩልነትን አንቀጽ 25 ይጥሳል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1995 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምርጫ ዕጩዎች ጉዳይ ላይ ያየው ለሥራው የሚያስፈልገውን ቋንቋ ነው። የክረምቱ አፋን ኦሮሞዎ ዝጎ ከሆነ ከአሁኑ ይለማመዱት።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። የአባትዎን የሞት ማስረጃ ያውጡ። ልጃቸው መሆንዎን የሚያስረዳ የልደት ምዝገባ ካለ ይያዙ፤ ከሌለ ክረምት ክረምት ጨፋ ሲያሳድጉዎ ያዩ ዘመዶችንና ጎረቤቶችን ስም ይመዝግቡ፤ ምዝገባው በሌለበት የሚያስረዳልዎ ያ ነው። ከዚያ ሥልጣን ላለው ወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያመልክቱ። ከመክሰስዎ በፊት ሽማግሌ ወደ ወንድሞችዎ ቢልኩ ከእኔ ክስ የተሻለ ይሠራ ይሆናል፤ ግን በሽምግልና ስም ጊዜው አይለፍብዎ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ውርስ ለመጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ፣ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ የሚረዝም ጊዜ የሚሰጥበት ሁኔታ ቢኖርም እሱን አይጠብቁ፤ ከጥቅምት ጀምረው ይቁጠሩ።