የነፃ ጥሪ ቁጥር ሒሳቡ የማን ነው? ቁጥሩስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ከቤታችን ሆነን የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የመጠገን ሥራ እንሠራለን። ደንበኞች ሳይከፍሉ እንዲደውሉልን ብለን ከአንድ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ነፃ የጥሪ ቁጥር ወስደን በማስታወቂያችን ላይ አውጥተናል። ባለፈው ወር የመጣብን ሒሳብ ከወትሮው እጅግ የበዛ ነው። ዝርዝሩን ስናየው አብዛኛው በስህተት የተደወለ ወይም ደዋዩ ምንም ሳይናገር የቆየበት ጥሪ ነው። ይህን የመክፈል ግዴታ አለብን? አንዳንድ ደንበኞች ደግሞ ከሞባይል ሲደውሉ ሒሳብ እንደተቆረጠባቸው ነግረውናል። ወደፊት ሥራውን ብንሸጥ ቁጥሩን አብረን መሸጥ እንችላለን? በዝርዝሩ ላይ ለሚታዩት የደዋዮች ቁጥሮች ማስታወቂያ መላክስ? ሌላ ከተማ የምትኖረው እናቴ በዚሁ ቁጥር ብትደውልልኝ ችግር አለው?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነሷቸው ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም ሁሉም የሚነሱት ከአንድ ነገር ነው። ነፃ የጥሪ ቁጥር ሲወስዱ የተቀበሉት ንብረት ሳይሆን ውል ነው፤ በዚያም ውል ማንነታቸውን አስቀድመው የማያውቋቸውን ሰዎች የጥሪ ወጪ ለመሸፈን ግዴታ ገብተዋል። ውሉን ስላልላኩልኝ መልሴ በአጠቃላይ መርሆዎች ላይ የቆመ ነው። ከዚህ በታች የሌሎች አገሮችን ደንቦች የምጠቅሰውም ለምሳሌ ያህል እንጂ በእርስዎ ላይ በቀጥታ ተፈጻሚ ናቸው ለማለት አይደለም።

አስቀድሞ የአሠራሩን መሠረት መረዳት ይጠቅማል። በተለመደው ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ነው፤ ለመደወል የወሰነው እሱ ነውና። ሒሳቡ በተቀባዩ ላይ እንዲታሰብ ሲፈለግ ደግሞ በድሮው ጊዜ የስልክ ኦፕሬተር መካከል ገብቶ ተቀባዩን «ይቀበሉታል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ጥሪ እሺ ወይም እምቢ የማለት ዕድል ነበረው። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 አገልግሎቱን ያለ ኦፕሬተር በራሱ እንዲሠራ ሲያደርግ፣ በ800 የሚጀምሩት ቁጥሮች የዚህ አሠራር መታወቂያ ሆኑ። ለሕግ ባለሙያ ትልቁ ለውጥ የመሣሪያው ሳይሆን የፈቃዱ ነው፤ በየጥሪው ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ አንድ ጊዜ፣ በውሉ ላይ በሚሰጥ ፊርማ ተተካ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ጥሪ አስቀድሞ «እሺ» እንደተባለ ይቆጠራል።

ቁጥሩ ራሱ ከየትኛውም የስልክ ሽቦ ጋር የተያያዘ አይደለም። አንድ ሰው ቁጥሩን ሲመታ ኔትወርኩ የመረጃ ቋት ይጠይቃል፤ ቁጥሩ በየትኛው አገልግሎት ሰጪ እንደሚስተናገድና ጥሪው ወደየት መሄድ እንዳለበት ካወቀ በኋላ ወደ እርስዎ መደበኛ ስልክ ወይም ሞባይል ይመራዋል። በዚህ ምክንያት ጥሪውን በሰዓት፣ በቀን ወይም ደዋዩ ባለበት አካባቢ ለይቶ መምራት፣ ከተወሰኑ ቁጥሮች ወይም አካባቢዎች የሚመጣውንም ጨርሶ ማገድ በአብዛኛው ይቻላል። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውሉ አንድ ጊዜ በጅምላ የሰጡትን ፈቃድ ከፊሉን መልሰው የሚወስዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጠቀምበት ሒሳቡ ከመጣበት በኋላ ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ በስህተት የተደወለ ጥሪ በመርህ ደረጃ ይከፈልበታል። አገልግሎት ሰጪው የሸጠልዎት ጥሪውን የማድረስ አገልግሎት ነው፤ ደዋዩ ደንበኛ መሆን አለመሆኑን የማጣራት ግዴታ አልገባም። የስህተት ጥሪ ብዛት አንዳንዴ ከቁጥሩ ባሕርይ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ የ800 ቁጥሮች እያለቁ ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1996 888፣ በ1998 877፣ ከዚያም ሌሎች መነሻዎች ተጨምረዋል። ቀሪዎቹ 7 አሃዞች አንድ ዓይነት ቢሆኑም 800 እና 888 የተለያዩ ሰዎች ቁጥሮች ናቸው፤ ነገር ግን ደዋዩ በልማድ 800ን ስለሚመታ የአንዱ ደንበኛ በሌላው ወጪ ይደውላል። የእርስዎ ቁጥር ከአንድ ታዋቂ ድርጅት ቁጥር ጋር በአንድ አሃዝ ብቻ የሚለይ ከሆነ ችግሩ በክርክር አይፈታም፤ ቁጥሩን መቀየር ይሻላል።

ሰው ዝም ያለባቸው ጥሪዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እኔ በበኩሌ ይበልጥ ያሳሰቡኝም እነዚህ ናቸው። በነፃ ጥሪ አሠራር ጥሪው የተነሣበት ኔትወርክ ከተቀባዩ ወገን የአገልግሎት ክፍያ የሚያገኝበት ሁኔታ አለ። ይህም ኮምፒውተር ወደ ነፃ ቁጥሮች ያለማቋረጥ እንዲደውል በማድረግና መስመሩን ክፍት አድርጎ በማቆየት ገቢ ለመሰብሰብ የሚሞክሩ ሰዎችን ፈጥሯል። የአሜሪካው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በኔትወርኮች መካከል ያሉትን እነዚህን ክፍያዎች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ከወሰነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ድርጊት ነበር። ስለዚህ በእጅዎ ያለውን ዝርዝር እንደገና ይመርምሩ። ጥሪዎቹ የሚቆዩት ተመሳሳይ ደቂቃ ነው? የሚመጡት በሌሊት ወይም በተቀራረበ ጊዜ ነው? የደዋዩ ቁጥር በቅደም ተከተል የሚሄድ ወይም መልሰው ሲደውሉ የማይሠራ ነው? እነዚህ ምልክቶች ካሉ ክርክርዎ «ደዋዩ ተሳስቶ ነው» የሚል ሳይሆን «ጥሪው እውነተኛ ጥሪ አይደለም» የሚል ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሕግ ልዩነት ሰፊ ነው።

ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በስልክ የተነገረ ቅሬታ ከወራት በኋላ ማስረጃ አይሆንም። አብዛኛዎቹ የቴሌኮም ውሎች ሒሳቡን ለመቃወም የጊዜ ገደብ ስለሚያስቀምጡና ገደቡ ካለፈ ሒሳቡ እንደታመነ እንደሚቆጠር ስለሚደነግጉ፣ ከሁሉ በፊት ውልዎን ገልጠው ይህን አንቀጽ ይፈልጉ። በደብዳቤዎ የሚቃወሟቸውን ጥሪዎች በቀንና በሰዓት ለይተው ይጥቀሱ፤ የማይከራከሩበትን የሒሳብ ክፍል ግን በጊዜው ይክፈሉ። ሙሉውን ሒሳብ ይዘው ቢቆዩ አገልግሎት ሰጪው መስመሩን ለመዝጋት ምክንያት ያገኛል፤ እርስዎም ከባለመብትነት ወደ ባለዕዳነት ይወርዳሉ። በዚያው ደብዳቤ የተጠቀሱት ቁጥሮች እንዲታገዱ ይጠይቁ። ጥያቄው ከደረሰው በኋላ አገልግሎት ሰጪው ሳያግድ ቀርቶ የመጣው ሒሳብ ለክርክር ከሁሉ የሚያመቸው ክፍል ነው። ጥሪው ሲስተናገድ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው ወይስ ወደ ሙሉ ደቂቃ ተጠግቶ የሚለውንም ይመልከቱ፤ ጥቂት ሰከንድ የቆዩ ብዙ የስህተት ጥሪዎች እንደ ሙሉ ደቂቃ ከታሰቡ የሒሳቡ መጋነን ከፊል ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ንብረታችን ነው ወይ ለሚለው መልሱ አይደለም የሚል ነው። የስልክ ቁጥሮች በመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ሥር የሚተዳደሩ የሕዝብ ሀብት ናቸው የሚለው አቋም በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ተጠቃሚው የሚያገኘው በቁጥሩ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በአሜሪካ ደንቡ ጠንከር ይላል፤ ለመጠቀም ካሰቡት በላይ ቁጥር ማከማቸትም ሆነ ቁጥርን በገንዘብ መሸጥ የተከለከለ ነው። ከዚህ የተለየ የሆነው በጨረታ የቀረቡት የተወሰኑ የ833 ቁጥሮች ጉዳይ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2018 በተሰጠ ውሳኔ ተፈቅዶ በ2019 ጨረታው ተካሂዷል። ስለዚህ ለማስታወስ የሚቀል ቁጥር ስለያዙ ብቻ ነጥለው ለገበያ ሊያቀርቡት ማሰብ በብዙ ቦታ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሥራውን ሲሸጡ ቁጥሩ የግድ ይቀራል ማለት አይደለም። ገዢው ሥራውን እንደ ሥራ፣ ከደንበኞቹና ከመልካም ስሙ ጋር ከወሰደ፣ በቁጥሩ የመጠቀም መብትም ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ያለው ውል ሲተላለፍ አብሮ ሊተላለፍ ይችላል፤ ለዚህ በአብዛኛው የአገልግሎት ሰጪው ስምምነት ያስፈልጋል። በሽያጭ ውሉ ላይ ለቁጥሩ የተለየ ዋጋ አይጻፉ። ከዚያ ይልቅ ሻጭ በቁጥሩ ላይ ያለውን የመጠቀም መብት ለማዛወር አስፈላጊውን ሁሉ እንደሚፈጽም፣ እስከ ዝውውሩ ቀን ያለው ሒሳብ የሻጭ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የገዢ እንደሚሆን ይስማሙ። ይህ ቀን በግልጽ ሳይጻፍ ቀርቶ ሻጭ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለወራት የገዢውን ደንበኞች ጥሪ ሲከፍል የሚኖርበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ በአገልግሎት ሰጪው ፊት ፈራሚው አሁንም እሱ ነውና።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ በውሉ ላይ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ቁጥሩን የወሰዱት በማስታወቂያ ድርጅት ወይም በመካከለኛ በኩል ከሆነ የተመዘገበው በመካከለኛው ስም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ የሚያስተዋውቁት የሌላ ሰው ቁጥር ነው። ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ መዛወር በሚፈቀድበት አገር (በአሜሪካ ለነፃ ጥሪ ቁጥሮች ከግንቦት 1 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል) ይህ መብት የሚሠራው የተመዘገበው ተጠቃሚ ሲጠይቅ ነው። ውሉን ለማቋረጥ ቢወስኑ ደግሞ በየቦታው የተለጠፈው ማስታወቂያዎ ሳይነሣ አይሁን። የተለቀቀ ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ካረፈ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያንን ቁጥር ይዞ በእርስዎ ስም ደንበኛዎን የሚያታልል ሰው ቢመጣ ጉዳቱን ለማስተካከል ይዘገያል።

ከሞባይል ሲደውሉ ሒሳብ ተቆርጦብናል ያሉት ደንበኞችዎ ዋሽተዋል ብለው አይደምድሙ። የነፃ ጥሪ አሠራር የተዘረጋው በመደበኛ ስልክ ዘመን ስለሆነ፣ የሞባይል ኩባንያዎች በብዙ ቦታ ጥሪውን ከደንበኛው የአየር ሰዓት ወይም ፓኬጅ ላይ ሲቀንሱ ኖረዋል። በእንግሊዝ ለምሳሌ በ0800 እና በ0808 የሚጀምሩ ቁጥሮች ከሞባይልም ነፃ እንዲሆኑ ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ያስገደደው ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ገንዘቡን የወሰዱት እርስዎ ባይሆኑም «ከየትኛውም ስልክ በነፃ ይደውሉ» ብለው አስተዋውቀው ከሆነ፣ አሳሳች ማስታወቂያ የሚለው ክስ ሊቀርብ የሚችለው በእርስዎ ላይ ነው፤ ደንበኛው የሚያውቀው ቃሉን የሰጠውን ነውና። ከአገልግሎት ሰጪዎ ከየትኞቹ ኔትወርኮች ነፃ እንደሆነ የጽሑፍ መልስ ይጠይቁና ማስታወቂያውን በዚያው ልክ ያርሙ። ከውጭ አገር የሚደውሉ ደንበኞችም ካሉዎት፣ የአገር ውስጥ ነፃ ቁጥር ከድንበር ውጭ በአብዛኛው እንደማይሠራ ይወቁ። ለዚህ የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመዘግበው፣ በ+800 ጀምሮ 8 አሃዝ የሚከተለው ቁጥር አለ፤ ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ግን ወጪውን የሚያካክስ አይመስለኝም።

የደዋዮች ቁጥር በዝርዝሩ ላይ የሚወጣው፣ በአንዳንድ አገሮች ደዋዩ ቁጥሩን ደብቆ እንኳ ቢሆን፣ የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ ነው፤ ከፋይ የተከፈለበትን የማወቅ መብት አለው። መብቱ ግን ከተሰጠበት ዓላማ አያልፍም። ሒሳቡን ለማጣራት፣ ጥሪውን ለመምራት ወይም ለጀመሩት የጥገና ጉዳይ መልሰው ለመደወል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በስህተት ለደወለ ወይም ዋጋ ጠይቆ ለዘጋ ሰው የማስታወቂያ መልእክት መላክ፣ ይባስ ብሎም ዝርዝሩን ለሌላ ነጋዴ መስጠት፣ ያለ ደዋዩ ግልጽ ፈቃድ እንዳያደርጉት እመክራለሁ። ጥሪዎችን የሚቀዱ ከሆነም ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ለደዋዩ ያሳውቁ።

እናትዎን በተመለከተ የሚከለክል ሕግ አይታየኝም። ለቤተሰብ ብቻ ተብሎ ነፃ ቁጥር መያዝም በሌሎች አገሮች የታየ አሠራር ነው፤ ከቤት ርቀው የሚማሩ ልጆች ወይም አረጋውያን ወላጆች ኪሳቸው ውስጥ ገንዘብ ባይኖርም እንዲደውሉ ያስችላል። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች ደዋዩ የሚስጥር ቁጥር ካላስገባ ጥሪው እንዳያልፍ ስለሚያደርጉ የስህተት ጥሪ ወጪም አይኖርበትም። በሥራ ቁጥርዎ እንድትደውል ማድረግ ሁለት ጣጣዎች አሉት። አንደኛ፣ ሒሳቡን በሥራ ወጪነት ካስመዘገቡ የእናትዎ ጥሪዎች የግል ወጪ ስለሆኑ ለግብር ሲባል ተለይተው መውጣት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከላይ እንዳልኩት የሌሊት ጥሪዎችን ወይም የአንድን አካባቢ ጥሪዎች በጅምላ ቢያሳግዱ የእናትዎም ጥሪ አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ እገዳውን ሲጠይቁ የእርሷ ቁጥር በስም ተጠቅሶ እንዲፈቀድ በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፉ፤ ወይም በሚስጥር ቁጥር የሚሠራ ሁለተኛ የቤተሰብ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስወጣ አገልግሎት ሰጪውን ይጠይቁ።