ቁልፍ የሌለው ውሃ

ባለፈው እትም፣ ከጡረታዬ በፊት በመስኖ ቀያሽነት ስሠራ ለሥልጠና ወደ ኢንዶኔዥያ ሄጄ በባሊ ደሴት ጃቲሉዊህ በምትባል የሩዝ መንደር አሥራ አንድ ቀን ገበሬ ቤት ማደሬን ጠቅሼ ነበር። ነገሩን በሦስት መስመር ባልፈውም ደብዳቤው ጎረፈ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ የምመልሰው ለሙያዬ ስለሚቀርብ ነውና ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የወረታ ልጅ ነኝ። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት እናመርታለን። የውሃ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ከጥር ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። የላይኛው ሌሊት ይዘጋል፤ የታችኛው ሌሊት ሄዶ ይከፍታል። ዘንድሮ ሁለት ወንድማማቾች በአካፋ ተማትተው ሽማግሌ ገብቶበታል። እርስዎ የጻፉልን የባሊ ሰዎች ግን ከአንድ ተራራ የሚወርድ ውሃ ለብዙ መቶ ዓመታት ተካፍለው ኖረዋል ይላሉ። እውነት አይጣሉም? ወይስ እንግዳ ስለሆኑ ደብቀውዎት ነው? እንደ ልጅዎ ቆጥረው አንተ ይበሉኝ።

መልስ፦ ይጣላሉ እንጂ! አንድ ማታ ስብሰባቸው ላይ ተቀምጬ ድምፅ ከፍ ከፍ ሲል ሰምቻለሁ። ቋንቋቸውን ባላውቅም የውሃ ጭቅጭቅ ዜማው የትም አንድ ነው። ልዩነቱ ጠቡ ጣሪያ ሥር፣ መብራት በርቶ፣ ሁሉም ባለበት መሆኑ ነው። ቦይ ዳር በጨለማ የሚጣላ አላየሁም። ለምን እንደሆነ የገባኝ አምስተኛው ቀን ላይ ነው፤ እሱን ልንገርህ።

መጀመሪያ ቦታው። ጃቲሉዊህ በታባናን አውራጃ፣ 2,276 ሜትር ከፍታ ባለው በባቱካሩ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ናት። የስሟ ትርጉም «በእውነት ድንቅ» ማለት ነው፤ አላጋነኑም። ወደ 303 ሄክታር የሚጠጋ የሩዝ እርከን ከተራራው ወገብ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። የኮንሶ እርከን የድንጋይ ነው፤ የእነሱ ግን ከጭቃ የተለሰነ ነው። በጠባቡ የጭቃ ድንበር ላይ እነሱ ጭነት ተሸክመው ይራመዳሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በባዶ እጄ ስሄድ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩና የቤቱ እመቤት እስከ ማታ ሳቀችብኝ። ኮንሶ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ጃቲሉዊህን ያቀፈው የባሊ የውሃ ሥርዓት በ2012 ተከተለ።

ያ ሥርዓት ሱባክ ይባላል። ሱባክ ቀበሌም መንደርም አይደለም። ከአንድ የውሃ መግቢያ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ሱባክ አባል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተራራ የለያያቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ባንድ ሱባክ ይገናኛሉ። ድንበሩን የሚያሰምረው ውሃው ነው። አስተባባሪያቸውን ፔካሴህ ይሉታል፤ እኛ የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ሰው ነው። የተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ለቦይ ጠረጋ ያልወጣ ይቀጣል። ስብሰባ ሲኖር ኩልኩል የሚሉት ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ ይመታል፤ ተራራው ያስተጋባዋል።

አሁን አምስተኛው ቀን። አባወራው ማለዳ ቦይ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ ብጠቅስም አይጠቅምህም፤ በባሊ ስም በልደት ተራ ነውና። በኩሩ ዋያን፣ ሁለተኛው ማዴ፣ ሦስተኛው ኞማን፣ አራተኛው ክቱት ይባላል፤ አምስተኛ ከተወለደ እንደገና ወደ ዋያን ይመለሳል። ገበያ መካከል «ዋያን!» ብትል ግማሹ ሰው ዞር ይላል። ብቻ የኔ አስተናጋጅ ክቱት አልነበረም፤ ይህን ያህል ይበቃል።

ቦዩ የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ መዝጊያ ፈለግኩ። አጣሁ። በቦዩ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሞ፣ አናቱ ላይ ሁለት ቦታ ተፈልፍሏል፤ አንዱ ጎድጓዳ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ጥልቀታቸው እኩል ነው፤ ስፋታቸው ግን ሰፊው የጠባቡን እጥፍ ነው፤ ማሳውም እጥፍ ነዋ! የአንዱን ፍልፍል ድርሻ ተክተክ ይሉታል። ውሃው ሲሞላ ሁለቱም ይጠግባሉ፤ ሲጎድልም በዚያው ልክ ሁለቱም ይራባሉ። የሚከፈት የለም፤ የሚዘጋ የለም፤ የሚጠፋ ቁልፍ የለም። አንዱ ሌሊት መጥቶ ድንጋይ ቢወትፍበት ደግሞ ማለዳ በዚያ የሚያልፍ ሕፃን እንኳ ያየዋል።

አፍሬ ቆምኩ። አገሬ ላይ ከነቁልፉ የብረት መዝጊያ ያስገጠምኩባቸው ቦዮች አሉኝ። በወረቀት ላይ ያማሩ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት አንዱን ልጎበኝ ስሄድ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ መዝጊያው በድንጋይ ተቀጥቅጦ ወድቋል፤ ውሃውም እንደ ዱሮው ለጉልበተኛው ይፈሳል። ሪፖርቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ» ብዬ ነበር ያሳበብኩት።

ግን «የላይኛው ለምን ግንዱን አንስቶ አይጥለውም?» ብለህ ብትጠይቀኝ ትክክል ነህ። እኔም ጠየቅኩ። አባወራው የአማልክትን ነገር ያነሳል ብዬ ስጠብቅ «አይጥ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታችኛው ውሃ ካጣ በሰዓቱ አይተክልም፤ ዘግይቶ ይተክላል። የላይኛው ሲያጭድ የታችኛው ገና እሸት ይሆናል። ያኔ አይጡና የሩዝን አገዳ የሚመጥጡት ጥቃቅን ቡናማ ነፍሳት ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እዚያ ጠግበው፣ ተራብተው፣ በሚቀጥለው ወቅት ወደ ላይ ይመለሳሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ አጭዶ ማሳውን በውሃ ካጥለቀለቀው ግን ተባዩ የሚበላውም የሚጠለልበትም አያገኝም። ስለዚህ የላይኛው ለታችኛው ውሃ የሚሰጠው ቸር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ሩዝ እየጠበቀ ነው። በሌላ በኩል ተራራው በሙሉ ባንድ ሳምንት ልትከል ቢል ውሃው አይበቃም። እንግዲህ የትኛው ሱባክ ከየትኛው ጋር፣ መቼ እንደሚተክል የሚስማሙት በውሃ ቤተ መቅደሶቻቸው ተሰብስበው ነው። ቀኑን የሚቆጥሩበት የራሳቸው የ210 ቀን አቆጣጠርም አላቸው።

ይህን አፍርሰው ያዩበት ጊዜ ነበር። በ1970ዎቹ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ፈጥነው የሚደርሱ አዳዲስ የሩዝ ዝርያዎችን ከማዳበሪያና ከፀረ ተባይ ጋር አምጥቶ «ቀን አትጠብቁ፤ በቻላችሁት ጊዜ ሁሉ ትከሉ» አለ። መጀመሪያ ላይ ምርቱ ጨመረ። ቀጥሎ ውሃው አሻማ፤ ተባዩም ፈላ። መድኃኒቱ የተባዩን ጠላቶች፣ ሸረሪቱን ሁሉ ስለፈጀ ነገሩን አባባሰው። በመጨረሻ በ1986 መንግሥት ራሱ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። በዚያው ዘመን ስቲቨን ላንሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ከሥነ ምህዳር ተመራማሪው ጄምስ ክሬመር ጋር ሆኖ በሁለት የባሊ ወንዞች ላይ ያሉ 172 ሱባኮችን በኮምፒውተር አስመስሎ ፈተነ። ሁሉም በየፊናው ሲተክል፣ ሁሉም ባንድ ቀን ሲተክል፣ ሌላም ሌላም አደረገ። ከሁሉ የተሻለው ምርት የተገኘው ገበሬዎቹ በቤተ መቅደሶቻቸው ተቧድነው በሚተክሉበት ልክ ነበር። እኛ መሐንዲሶች ከዚህ በኋላ ብዙ ማውራት አይገባንም።

ላንተ የሚሆነውስ? ግንዱን ብቻ ወስደህ ወረታ ላይ ብታጋድመው አይሠራም። የናንተ ሽንኩርት አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በጥር ይተከላል፤ የውሃ ፍላጎታችሁም በየሳምንቱ የተለያየ ነው። ስለዚህ ከቦዩ በፊት ቀኑን ጀምሩ። ባንድ ቅርንጫፍ ቦይ የምትጠጡት ብቻ፣ ሃያም ትሁኑ ሠላሳ፣ ችግኝ የምታዛውሩበትን ሳምንት ተስማሙ። ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከሸመገለው ሽንኩርት ወደ ለጋው እንደሚሻገር አንተም ታውቃለህ። ለላይኞቹ ይህን ንገራቸው፤ «ለታችኛው ወንድምህ እዘን» ከማለት ይልቅ ያዋጣል። ከተስማማችሁ በኋላ የተፈለፈለ ግንድ ወይም የሲሚንቶ ማካፈያ አብጁ። መዝጊያ አታስገጥሙ። ሊያስገጥምላችሁ የሚመጣ ቀያሽ ካለ፣ አንድ ሽማግሌ ቀያሽ ከልክሎኛል በለው።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጅዳ ነው። አብራኝ የምትሠራ የጃቫ ሴት አለች። እናቷ ሩዝ የሚያጭዱት መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላዋ፣ ዛላውን አንድ በአንድ እየቆረጡ እንደነበር ትነግረኛለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «ሩዙ እንዳይደነግጥ» አለችኝ። እየቀለደችብኝ ነው?

መልስ፦ አልቀለደችም፣ እህቴ። ቢላዋዋ አኒ-አኒ ትባላለች። የጣት ያህል ስለት ቁራጭ እንጨት ላይ ተሰክቶ ነው። እንጨቱ መዳፍ ውስጥ ይያዛል፤ ስለቱ በጣቶች መካከል ብቅ ይላል፤ ዛላውን ወደ ስለቱ ሳብ ማድረግ ነው። ሩዝ የዴዊ ስሪ አካል ነው ብለው ያምናሉ፤ እሷ የሩዝ እመቤት ናት፤ ማጭድ ስታይ እንዳትሸሽ ስለቱ ይደበቅላታል። ጃቲሉዊህ ላይ የቤቱ እመቤት ይዛ አሳየችኝ። እኔ ሞክሬ አምስት ዛላ ስቆርጥ እሷ እቅፍ ሙሉ አድርሳ ነበር።

ከእምነቱ ሥር የግብርና ጥበብም አለ። ነባሩ ሩዝ ረጅም ነው፤ የጃቲሉዊህ ቀዩ ሩዝ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ለመድረስም አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። ዛላው እኩል ስለማይበስል የደረሰውን እየመረጡ መቁረጥ ያዋጣል። ከነአገዳው ይታሰርና ጎተራ ይገባል። አጭርና ፈጣን የሆኑት አዲሶቹ ዝርያዎች ሲመጡ ግን በተለይ በጃቫ አኒ-አኒ በማጭድ ተተካች። ማጭዱን የያዙት ወንዶች ናቸው። መሬት የሌላቸው ሴቶች በአጨዳ ቀን ካጨዱት ላይ ድርሻ ይቆረጥላቸው ነበር፤ ያ ገቢ የብዙዎቹ ቀርቷል። የጓደኛሽ እናት ምን እንደገጠማቸው አልገምትም። አንቺ ግን ሻይ ስትጠጡ ጠይቂያት፤ የምትነግርሽ ነገር ይኖራታል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባሊ ማለት ሆቴልና ባሕር ዳርቻ አይደለም እንዴ? ያዩት መንደር ቱሪስት እንዲያየው የተሠራ ትርኢት ቢሆንስ? ደግሞ ቡና አገር ሄደው ሻይ ጠጣሁ ማለትዎ ገርሞኛል።

መልስ፦ ትርኢቱ አለ። መግቢያው ላይ ቲኬት ይቆረጣል፤ ከእርከኑ ፊት ለፊት ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ፎቶ የሚነሣው ሰው አንዳንድ ቀን ከሚያርመው ይበዛል። ሩዙ ግን የሚበላ ሩዝ ነው፤ ገበሬውም እውነተኛ ገበሬ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ የአባወራው ልጅ ደቡብ ባሕር ዳርቻ ሆቴል ትሠራለች፣ በወር መጨረሻ ትመጣለች፣ ጭቃ ለመርገጥ ግን አትመጣም። እሱ ሲያረጅ ግንዱን ማን እንደሚፈለፍል ጠይቄው ትከሻውን ነቀነቀና ዳክዬዎቹን ሊመልስ ሄደ። ከአጨዳ በኋላ ዳክዬ ማሳው ውስጥ ይለቃሉ፤ የወደቀውን ፍሬና ቀንድ አውጣውን ይለቅማል፣ እግረ መንገዱንም ያዳብራል።

ሻዩ የሻይ ቅጠል አይደለም፤ የቀይ ሩዝ ነው። እንደ ቡና በምጣድ ይቆሉታል፤ ጠቆር ብሎ ገብስ ቆሎ ገብስ ቆሎ ሲሸት የፈላ ውሃ ይቸልሱበታል። ጠዋት ጠዋት ቀረበልኝ፤ ጥሩ ነው፤ አራተኛው ቀን ላይ ግን ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ቡና ለመንኩ። የተፈጨው ቡና ብርጭቆ ውስጥ ተጨምሮ ውሃ ተገለበጠበት፤ ጀበናም ማጥለያም የለም። ላነሳው ስል እመቤቲቱ እጄን ያዝ አደረገችና አተላው እስኪወርድ እንድጠብቅ በጣቷ አሳየችኝ።