ስለ ፕላስቲኳ ፓኖራማ ካሜራሽ

ሰላም እህቴ። ከደብረ ሲና የላክሽውን ጥያቄ አየሁት። ከአጎትሽ ሣጥን ውስጥ ፊቷ ላይ «ፓኖራማ» የሚል የተጻፈባት የፕላስቲክ ካሜራ አግኝተሻል። ሌንሷ ይረባል ወይ፣ ምን ምን ዕቃ ልግዛላት፣ የጣርማ በርን ገደል አሳምራ ታነሳልኛለች ወይ ነው ያልሽው። እኔ በ1980ዎቹ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለች ካሜራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ነበረን። ለራሴም ሁለት ነበሩኝ፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ትንሽ ቢረዝምብሽ ታገሺኝ።

ብርሽን ያዢ። ለዚህች ካሜራ ተገዝቶ ሌንሷን የሚያሻሽል ዕቃ የለም። ያለሽን ፊልም ግዢበት።

መጀመሪያ ግን ትሠራ እንደሆነ ፈትሺያት። የፎቶ ማንሻ መጫኛዋን ስትጫኚው ጸጥ ካለችሽ ተበላሽታለች ብለሽ አትጣያት። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ሹተሩን፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ፣ የሚወጥረው ፊልሙ ራሱ ነው። ፊልሙ ሲጠቀለል በዳርና በዳር ቀዳዳዎቹ አንዲት ጥርሳም ትንሽ ጎማ ያዞራል። ፊልም ከሌለ ጎማዋ አትዞርም፣ ሹተሩም አይወጠርም። ጀርባዋን ክፈቺና ያቺን ጎማ ቀጭ እስክትል ድረስ በጣትሽ አዙሪያት። ከዚያ ወደ መስኮት አቅንተሽ ተጫኚ። በሌንሷ በኩል ብርሃን ብልጭ ካለልሽ ደህና ናት። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ካሜራ ቆሻሻ ውስጥ እንደገባ አይቻለሁ።

ጀርባዋን እንደከፈትሽ ፊልሙ የሚያርፍበትን መስኮት ደግሞ እዪው። ተራ የ35 ሚሊሜትር ካሜራ መስኮቱ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። ያንቺ ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ፕላስቲክ ገብቶ 13 በ36 ያህል ብቻ ቀርቷል። ፓኖራማ የተባለው ይኸው ነው። ወደ ጎን የጨመረችው ነገር የለም፤ ከላይና ከታች ቆረጠች እንጂ። ሌንሷ አብዛኛውን ጊዜ 28 ሚሊሜትር ነው፣ ወደ ጎን 65 ዲግሪ ያህል ያያል። 28 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ሌላ የ35 ሚሊሜትር ካሜራም ወደ ጎን የሚያየው ያንኑ ነው። እውነተኛው ፓኖራማ ሌላ ዕቃ ነው። የሩሲያው ሆራይዘን 202 ሌንሱ እየዞረ 120 ዲግሪ ይጠርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሃሰልብላድ ኤክስፓን ደግሞ ከፊልሙ ላይ ወደ ጎን 65 ሚሊሜትር ይወስዳል። የእነሱ ዋጋ ለብቻው ነው።

ይሄ ከሌንስ ጥራት ጋር በጣም ይገናኛል። ከሙሉው መስኮት 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ስናትም ምስሉ አራት ጊዜ ገደማ ይጎላል። ከ13 ሚሊሜትሯ ቁራጭ 9 በ25 ሲታተም ግን ወደ ሰባት ጊዜ ይጎላል። የሌንሱም ጉድለት አብሮ ይጎላል። ሌንሷ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። መሃሏ ደህና ነው፣ እንዲያውም ያስገርማል። ወደ ሁለቱ ዳር ስትሄጂ ምስሉ ይለሰልሳል። ከነጭ ሰማይ ጋር በሚዋሰን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዳር ላይ ቀጭን የቀለም መስመር ታያለሽ። አንዳንዶቹ ካሜራዎች ላይ ፊልሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ብልሽት እንዳይመስልሽ። እንዲህ ያለ ቀላል ሌንስ ምስሉን ጠፍጣፋ ላይ ማሳረፍ ስለማይሆንለት ፊልሙን አጉብጠው ያገዙት ነው። አትነካኪው።

ዋናው ነገር ግን ርቀቱ ነው። ማተኮሪያ የላትም፤ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተስተካክላ ተዘግታለች። የብርሃን ቀዳዳዋ ኤፍ 11 አካባቢ ከሆነና (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ፋብሪካው እንደ ደንቡ ካስተካከላት፣ ከሁሉ አጥርታ የምታየው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሰማይ ጥግ ያለው «ይበቃል» በሚባል ደረጃ ይወጣል። ይበቃል የሚባለው ታዲያ ፎቶው ትንሽ ሲሆን ነው። ሰባት ጊዜ ሲጎላ ሩቁ ተራራ ይፈዛል።

አንድ ዓመት በጥቅምት ጣርማ በር ላይ ቆሜ ሙሉ ጥቅል ወደ ቆላው አነሳሁ። ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ መሬቱ ከእግርሽ ሥር ተሰንጥቆ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ፊልሙ ሲታጠብ ሁሉም ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ወጣ። አንድ ፎቶ ብቻ ተረፈችኝ። መንገዱ ዳር ግንብ ላይ አንድ እረኛ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ ከእኔ ሦስት ሜትር አይርቅም። የጅራፉ ጉንጉን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላው ያለው ገደል መፍዘዙ እንዲያውም ልጁን አወጣው። ከዚያ ወዲህ ተራራ ብቻውን አንስቼባት አላውቅም። ከፊት ለፊት ሰው፣ በቅሎ፣ የድንጋይ ካብ፣ የሆነ ነገር አስቀምጣለሁ፤ ያውም ከመሃል ሳላርቅ። ዳር ዳሩን ለሣርና ለጉም እተወዋለሁ። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹ ቀረብ ብለው ሲግጡ ይህች ካሜራ በጣም ታምራለች።

ስለ ተጨማሪ ዕቃዎቹ ልመለስ። አብሯት የሚመጣው የእጅ ማንጠልጠያና ከረጢት ብቻ ነው። ማንጠልጠያውን አትተዪው፤ ገደል አፋፍ ላይ ነሽ። የካሜራ እግር አትግዢ፤ አብዛኞቹ ታች ማሰሪያ ቀዳዳ የላቸውም። በምትኩ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍተሽ ግማሽ ኪሎ ገብስ ሙዪባት። ካብ ላይ አስቀምጠሽ ካሜራዋን በላዩ ስታሳርፊያት አትንቀሳቀስም። መጫኛዋ ጠጣር ስለሆነ ብዙው ፎቶ የሚበላሸው በሌንሱ ሳይሆን በእጅ መንቀጥቀጥ ነው።

ጥቁር ናስትሮ ግን የግድ ነው። ፊልም ከሞላሽ በኋላ የጀርባ ክዳኗን ዙሪያ ለጥፊ። ፕላስቲክ ሲያረጅ ይጣመምና ብርሃን ያስገባል፤ ፎቶው ላይ ብርቱካንማ ጭረት ይወጣል።

የሌንስ ጥላም ራስሽ ሥሪላት። የውስጥ ፕላስቲኳ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ፀሐይ በጎን ስትገባ ፎቶው ሁሉ ወተት ይመስላል። ክብ ጥላ አይሆንም፣ ጎንና ጎኑን ይቆርጥብሻል። ካሜራዋ ወደ ላይና ወደ ታች የምታየው 26 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ እንደ ኮፍያ ግንባር ወጣ ያለ ጥቁር ካርቶን ብትለጥፊ ፎቶው ውስጥ ሳይገባ ፀሐዩን ይከልልሻል። እኔ ብዙ ጊዜ መዳፌን እዘረጋለሁ፤ በቂ ነው።

አንድ የሚገዛ ዕቃ ካለ ቢጫ ማጣሪያ ነው፣ እሱም ለጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ። ምክንያቱን ልንገርሽ። የፊልም ቁጥር ሲጨምር የሚፈልገው ብርሃን ይቀንሳል። በጠራራ ፀሐይ 200 ፊልም በኤፍ 16 የሰከንድ 1/200 ያህል ይበቃዋል። ያንቺ ካሜራ በኤፍ 11ና በ1/100 አካባቢ ተቆልፋለች። ስለዚህ አራት እጥፍ ብርሃን ታስገባለች። በ400 ፊልም ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኔጌቲቭ ፊልም አራት እጥፉን ያለ ችግር ይችለዋል። ስላይድ ፊልም፣ ማለትም ሳይገለበጥ በቀጥታ ትክክለኛውን ቀለም የሚያሳየው፣ ግን አይችልም፣ አታስገቢባት። ቢጫ ማጣሪያ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፣ የሩቁንም ሰማያዊ ጭጋግ ያሳሳል። ሌላ ካሜራ ላይ የሚያስከፍለው ብርሃን እዚህ ትርፍ ነው። ኢልፎርድ ኤችፒ5 በሚባለው ጥቁርና ነጭ 400 ፊልም ላይ ማጣሪያውን በናስትሮ ሌንሷ ፊት ለጥፈሽ ገደሉን ሞክሪው። ሌንሷ የሩቁን አታጠራውም፤ የተራሮቹ መደራረብ ግን ይለይልሻል። ለቀለም ፊልም በበጋ 200፣ በክረምት ጉም 400 ይዘሽ ውጪ።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የረዳኝን ልንገርሽ። ያ ጥቁር መሸፈኛ አንዳንዶቹ ላይ በጥፍር ይነሳል። ሳትታገይ ከወጣልሽ አውጪው። ሙሉውን 24 ሚሊሜትር ታገኛለሽ። በኋላ ከላይ ይሁን ከታች የፈለግሽውን ቀጭን ቁራጭ ራስሽ ትመርጫለሽ። ሰማዩን ለማስገባት ካሜራዋን ማዘንበል ስለማያስፈልግሽ ቤቱም ዛፉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። መመልከቻዋ ግን እንደ ድሮው ቀጭኑን ብቻ ነው የሚያሳይሽ።

ሌንሷን በነጠላ ጫፍ አትጥረጊያት። ፕላስቲክ ነች፣ አቧራው ይቧጭራታል። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በዪ፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጥጥ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከነካት አለቀላት።

ብርዱንም ተጠንቀቂ። በታኅሣሥ ውርጭ መንዝ ላይ ፊልሙ ደርቆ ማዞሪያው እምቢ ሲለኝ በኃይል ገፋሁት። ቀዳዳዎቹ ተቀደዱ። በዚያው ብከፍታት ሁሉም ይቃጠል ነበር። ማታ መብራት አጥፍቼ፣ በርኖስ ውስጥ ገብቼ፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ በዳሰሳ አወጣሁትና ብርሃን የማያስገባ ጥቁር ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። ከሁለት ፎቶ በቀር ሁሉም ተረፈ። የመንዝ በርኖስ የጨለማ ክፍል ይሆናል። ማዞሪያው ከጠጠረ አትግፊ፤ ካሜራዋን ብብትሽ ሥር አድርገሽ አሙቂያትና ቀስ ብለሽ ሞክሪ።

ፊልም ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልሽ ከሆነ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይዞ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። አዲሶቹ የአየር ማረፊያ መፈተሻዎች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ። ካስታጠብሽ በኋላ አታሚው «10 በ15 ነው የማውቀው» ቢልሽ ፎቶው ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት ይዞ ይመጣል። ስህተት አይደለም፣ በመቀስ ቁረጪው። ማተሚያ ካጣሽ ደግሞ ኔጌቲቩን ነጭ ከተደረገ የስልክ ስክሪን ጥቂት ከፍ አድርገሽ ያዢና በሌላ ስልክ አንሺው፤ ከዚያ ቀለሙን ትገለብጪዋለሽ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን እኔ ዘንድ ኬሚካሉ ስላለ ደብረ ብርሃን ስትመጪ ጥቅሉን ይዘሽልኝ ነይ፣ አብረን እናጥበዋለን።